የዶን ፍሮይላን የመጨረሻ የወይን ለቀማ

ወይን በሚበቅልበት መንደር ሁሉ በየዓመቱ ሥራውን የሚተው አንድ ሰው አለ። ቄስ የሌለው መንደር አይቻለሁ፤ ዳቦ ቤት የሌለውም አይቻለሁ። «ይሄ የመጨረሻዬ ነው» የሚል ሰው የሌለበት የወይን መንደር ግን በስፔኗ በሪዮሃ ምድር እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። እናንተም ታውቁታላችሁ። የወይን ማሳ ያለው ዘመድ ባይኖራችሁ እንኳ «ለመጪው ገና ምግብ የምሠራው እኔ አይደለሁም» የምትል አክስት አታጡም።

የእኛ መንደር ተሰናባች ክቡር ዶን ፍሮይላን ናቸው። ማሳችን ድንበርተኛ ስለሆነ ስንብታቸውን ከማንም በፊት የምሰማው እኔ ነኝ። በረዶ ወርዶ ዘለላውን ባረገፈበት ዓመት «ሰማዩም ተወው ብሎኛል» አሉና ተሰናበቱ። በተከታዩ ዓመት ወይኑ ከቅርጫት ተርፎ ፈሰሰ፤ «ሰው በክብሩ ሳለ ነው መውጣት ያለበት» ብለው ተሰናበቱ። ወገባቸውን ባመማቸው ጊዜ ስለ ወገባቸው ተሰናበቱ፤ በዳነ ጊዜ ደግሞ የዳነው ወገብ ዳግም እንዳይታመም ተሰናበቱ። አንድ ጊዜ በተሰናበቱ በሳምንቱ አዳዲስ የወይን ችግኝ ሲተክሉ ደረስኩባቸው።

«ዶን ፍሮይላን፣ ትተውት የለም እንዴ?»

«ለሚገዛኝ ሰው ነው» አሉ ቀና ሳይሉ። «ባዶ መሬት ልሽጥለት እንዴ፣ ኒየቬስ? ነውር አይመስልሽም?»

ገዢው በእርግጥም ነበረ። ጫማው የሚያብረቀርቅ አንድ ሰውዬ ከከተማ እየመጣ፣ ወይኑን ነቅሎ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ሊተክልበት ይለማመጣቸዋል። እሳቸውም ከምድር ቤት ወይን ጠጅ አውጥተው በደንብ ያጠጡትና «ይሄን ለቀማ ብቻ ልጨርስ፣ ከዚያ ና» ብለው ይሸኙታል። ሰውዬው ይመጣል፤ ይጠጣል፤ ይሄዳል። እንደሚመስለኝ ከጊዜ በኋላ የሚመጣው ለወይን ጠጁ ነበር።

ስንብቱ የራሱ ሥርዓት አለው። ለቀማው ባለቀ ማግስት በዶን ፍሮይላን ግቢ ምሳ ይበላል። የጠቦት ጎድን በደረቅ የወይን ጭራሮ ላይ ይጠበሳል፤ ፖሮኑ፣ ባለ ረጅም አፍንጫው የወይን ጠጅ ብርሌ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ሁሉም ከንፈሩን ሳያስነካ ከላይ ወደ አፉ ያንቆረቁራል። ከዚያ ዶን ፍሮይላን ይነሳሉ፤ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

«ወዳጆቼ፣ ይሄ የመጨረሻዬ ነው። እጄም እምቢ ብሎኛል።»

እኛም ከሥጋው ላይ ቀና ሳንል ባንድ ድምፅ «ለከርሞም እንዲሁ ይበሉን» እንላለን።

«ሳቁ፤ ታዩታላችሁ» ይሉና ይቀመጣሉ። ይህ ካልተባለ ዓመቱ ያለቀ አይመስለንም።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው ካናዳዎቹ የመጡት። የእኛ ልጆች በልውውጥ ወደ ካናዳ፣ ኩቤክ ይሄዳሉ፤ የእነሱ ደግሞ ወይን ጠጅ አጠማመቅና የአገሩን ኑሮ ሊማሩ ወደ እኛ ይመጣሉ። የእኛዎቹ በበረዶ ላይ መንሸራተት ለምደው ይመለሳሉ፤ የእነሱዎቹ ቀትር ላይ መተኛትና እራት ማምሸት ለምደው ይሄዳሉ። ማን ከማን ቤት እንደሚያድር የምደለድለው እኔ ነኝ። ማሳ ላይ የሚያስተምሯቸው ግን ዶን ፍሮይላን ናቸው፤ ማንም አልሾማቸውም፣ ማንም አይሽራቸውም።

የልጆቹን ስም ለመያዝ አልደከሙም። ሁሉም «ካናዳ» ናቸው።

«አንቺ ካናዳ፣ ዘለላውን አትጎትቺው። በመዳፍሽ ደግፈሽ ቁረጪው። አንተ ካናዳ፣ ቅጠሉን ምን ልታደርገው ነው፣ ሰላጣ ልትሠራበት?»

ከመካከላቸው ኖኤሚ የምትባል ረጅምና ዝምተኛ ልጅ ከአጠገባቸው አትጠፋም ነበር። የነገሯትን ሁሉ ታምናለች። አንድ ቀን ያረጀውን ግንድ በእጃቸው እየደባበሱ «ይሄን አያቴ ናቸው የተከሉት። ከእኔ በኋላ የሚነካው የለም። የመጨረሻዬ ነው» ሲሏት፣ ልጅቷ የወይን ጭማቂ በነካው እጇ ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት። ሳቅ አልኩና ወደ ቅርጫቴ ተመለስኩ። በመንደራችን ይህን ነገር ለማንም አስረድተን ስለማናውቅ፣ ለእነሱም ማስረዳት የመጣለት ሰው አልነበረም።

የምሳው ቀን ደረሰ። ዶን ፍሮይላን ተነሱ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ የመጨረሻቸው መሆኑን ተናገሩ። እኛ የለመድነውን ልንመልስ አፋችንን ስንከፍት፣ ከወጥ ቤቱ በኩል ካናዳዎቹ በሰልፍ ወጡ። ከፊት ኬክ አለ፤ በላዩ በእኛው ቋንቋ «መልካም የጡረታ ዘመን» ተብሎ ተጽፏል። ከኋላ ኖኤሚ አዲስ የዓሣ መንጠቆ በረጅም ዘንጉ ታቅፋ ታለቅሳለች።

«ዶን ፍሮይላን፣ እንዲያርፉበት ነው» አለች በሰባራ ስፓኝኛዋ። «የመጨረሻውን ዓመትዎን ለእኛ ስለሰጡን እናመሰግናለን።»

ልጆቹ አጨበጨቡ። የመንደሩ ሰው አንድም አላጨበጨበም፤ የቡና ቤቱ ባለቤት ሳቱር ጎድኑን አፉ ውስጥ እንደያዘ ቀረ። ዶን ፍሮይላን መጀመሪያ ኬኩን፣ ከዚያ የልጅቷን ፊት አዩ። ዘንጉን ተቀበሉና «አመሰግናለሁ ልጄ» ብለው ቁጭ አሉ። «ሳቁ፤ ታዩታላችሁ» አላሉም።

ከዚያ በኋላ ክቡርነታቸው ዓሣ አጥማጅ ሆኑ። በየማለዳው ዘንጋቸውን ተሸክመው ወደ ኤብሮ ወንዝ ይወርዳሉ። የሚቀመጡበት ቦታ ላይ ዓሣ እንደሌለ የመንደሩ ድመቶች እንኳ ያውቃሉ፤ ነገር ግን ከዚያ ቦታ ማሳቸው ወለል ብሎ ይታያል። ጥር ገባ። የሁላችንም ወይን ሲገረዝ የእሳቸው ሐረግ እንደ ተንጨባረረ ፀጉር ቀረ። አንድ ቀን ወንዙ ድረስ ወርጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ልጆች ናቸው እኮ፣ ዶን ፍሮይላን። ነገሩ አልገባቸውም።»

«እናንተ ስትስቁ እኔም የምናገረውን አልሰማውም ነበር፤ ያቺ ልጅ ግን አለቀሰች፣ ኒየቬስ» አሉ ከውሃው ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ። «አልቅሶ በሸኘኝ ሰው ላይ ቃሌን ልጠፍ? ስጦታውንስ የት ላድርሰው?»

ቅዳሜ ሳቱር ቡናዬን ሲያቀርብልኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ባለጫማው ሰኞ ይመጣል። ሊፈርሙለት ነው» አለኝ። ያ ማሳ ተነቅሎ በምትኩ መስታወት ሲያብረቀርቅ አየሁት። ከድንበሩ ወዲያ «ኒየቬስ፣ ይሄ የመጨረሻዬ ነው» የሚለኝ ሰው ሳይኖር ስለቅም ደግሞ ራሴን አየሁት፤ ይሄኛው ባሰብኝ።

«መቀስ አለህ?» አልኩት።

«የምን መቀስ? እኔ ከሎሚ ሌላ ምን ቆርጬ አውቃለሁ?»

«እንዲህ ያለ የማያውቅ እጅ ነው የምፈልገው።»

እሁድ ጠዋት ከወንዙ ፊት ለፊት ባለው የመጀመሪያ ረድፍ ላይ ተሰማራን። ሳቱር ከአንድ ጫፍ፣ እኔ ከሌላው። እሱ የመጣለትን ሁሉ ይከረክማል፤ መተው ያለበትን ቆርጦ መቆረጥ ያለበትን ይተዋል። እኔም የዶን ፍሮይላንን አያት ነፍስ በልቤ ይቅርታ እየጠየቅኩ ጀመርኩ። ብዙ አልቆየንም። ከታች ዘንጉ ድንጋይ ላይ ሲወድቅ ተሰማ፤ ወገባቸውን የሚያማቸው ክቡር ሰው ዳገቱን እንደ ፍየል ወጡት።

«የማን እጅ ነው ይሄ?»

«የኛ» አልኩ።

«ይሄ ግንድ ምን በደለሽ? አባትሽ ይሄን ነው ያስተማሩሽ? አንተስ ሳቱር፣ ማን ፈቀደልህ?»

«ምን ቸገረዎት?» አልኩ። «ነገ ሰውዬው ይነቅለው የለ?»

የተጎዳውን ግንድ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ ረጅም ጊዜ ዳሰሱት።

«ቢነቀልም እንዲህ ተዋርዶ አይነቀልም» አሉ በመጨረሻ። «መቀሱን ወዲህ በይ።»

ያበላሸነውን ማስተካከል ጀመሩ። ያን ረድፍ ጨርሰው፣ አጠገቡ ያለው እንዳይቀየማቸው ነው መሰለኝ፣ ወደ ሁለተኛው ተሻገሩ። እዚያ ላይ ድንገት ቀና ብለው በመቀሱ ጠቆሙኝ።

«ይሄን ብቻ ላስተካክል። ከዚያ በቃኝ። ይሄ የመጨረሻዬ ነው።»

ሳቱር ባርኔጣውን አወለቀ። እኔ ፊቴን ወደ ወንዙ አዞርኩ፤ የጥር ንፋስ ዓይን ያስለቅሳል።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከእኔ ድርሻ ግማሹን ሆን ብዬ ነው ያበላሸሁት፤ ግማሹን ግን ልቤ እምቢ ስላለኝ በሚገባ ነበር የገረዝኩት። ዶን ፍሮይላን ይበልጥ የጮሁት በሚገባ በገረዝኩት ላይ ነው።

ሰኞ ባለጫማው መጣ። «ገረዛ ላይ ነኝ። ለቀማውን ልጨርስና ና» ተባለ፤ የሚጠጣውን ጠጥቶ ሄደ። የዓሣ ዘንጉ ዛሬ በማሳው ራስ ላይ ቆሞ፣ ጫፉ ላይ የታሰረው ቆርቆሮ ወፎችን ያባርራል። ስጦታው አልባከነም ለማለት ዶን ፍሮይላን ላገኙት ሁሉ ያሳዩታል።

በያዝነው ዓመት ጥቅምት ኖኤሚ ተመልሳ መጣች። ዘንጉን ስታየው ደነገጠች። ይሄን ጊዜ ግን ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ነገሩን አስረዳኋት፤ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። በምሳው ቀን ዶን ፍሮይላን ተነሱ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ወደ እሷ ሰረቅ አድርገው አዩ፤ ትንሽ አመነቱ።

«ወዳጆቼ፣ ይሄ … ይሄ የመጨረሻዬ ነው።»

ከሁላችን ቀድማ፣ ጎድኗን እየጋጠች፣ ቀና እንኳ ሳትል «ለከርሞም እንዲሁ ይበሉን» አለች።

ዶን ፍሮይላን ትከሻቸው ሲላላ አየሁት። «ሳቂ፣ ኖኤሚ» አሉ፤ በስሟ ሲጠሯት የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነበር። «ታዪዋለሽ።» ተቀመጡና ፖሮኑን አነሱ።

ስለዚህ ይተዉ። በየዓመቱ ይተዉ፤ በወገባቸውም በሰማዩም አሳብበው ይተዉ። እኔ የምፈራው ሳይተዉት የሚቀሩበትን ዓመት ነው።