የደም ሥሮቼ ግምገማ

ሰው የራሴ አዛዥ ነኝ ብሎ ሲያስብ ደስ ይለዋል። እጄን ተነሳ ስለው ይነሳል፤ እግሬን ተራመድ ስለው፣ ጉልበቴ እያጉረመረመም ቢሆን፣ ይራመዳል። እኔ ደግሞ ማዘዝ የለመድኩ ሰው ነኝ። ሾላ ገበያ ውስጥ በአንድ ጆንያ ሽምብራ ጀምሬ ባለ መጋዘን እስክሆን ድረስ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ ያልተቆጠረ ዕቃ እንደሚጠፋ፣ ያልታዘዘ ሠራተኛም እንደሚያንቀላፋ ነው። ስለዚህ እቆጥራለሁ። ጆንያ እቆጥራለሁ፤ የፈረንሳይ ሰፈርን ዳገት እያቃሰተ የሚወጣ ታክሲ ውስጥ የታጨቀውን ሰው እቆጥራለሁ፤ ለቅሶ ቤት ሄጄም ወንበር እቆጥራለሁ። እናንተም ቤቴ ብትመጡ እቆጥራችኋለሁ። አትቀየሙኝ።

ታዲያ በዚህ ዕድሜዬ፣ ያልቀጠርኳቸው፣ የማላዛቸው፣ ላባርራቸውም የማልችል ሠራተኞች በገዛ ሰውነቴ ውስጥ እንዳሉ ሰማሁ።

ነገሩን ያመጣችው ትዕግስት የምትባል የእህቴ ልጅ ናት፤ የሕክምና ተማሪ። በዐቢይ ጾም መጀመሪያ ላይ የደም ግፊት መለኪያ ይዛ መጣችና "ጋሼ፣ እስቲ በእርስዎ ክንድ ልለማመድ" አለችኝ። ጨርቁን ጠቀለለች፣ ነፋች፣ አስተነፈሰች፣ ፊቷ ተለወጠ። እንደገና ነፋች። ፊቷ ባሰበት። በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሙም ኪኒን ሰጠኝና "ጨው ይቀንሱ፣ በየቀኑ ይራመዱ" ብሎ ሸኘኝ።

ይህስ ባልከፋ። የከፋው ባለቤቴ አስካለ መስማቷ ነው።

"ግፊትህ እስከ ፋሲካ ካልወረደ ቅርጫዋን አትነካትም" ብላ ፈረደች። "ድርሻህን ዘርጋው ይወስደዋል።"

ዘርጋው ወንድሟ ነው። አስቡት እንግዲህ። እኔና ሽሮ ጾሙን ሙሉ ዓይን ለዓይን ስንተያይ የምንከርመው ያችን ቀን ብለን ነው። በዚያ ላይ ሰፈርተኛው በጋራ ገዝቶ የሚያርደውን የፋሲካ በሬ በየመደቡ የማካፍለው እኔ ነኝ፤ ዓይኑ ሚዛን ነው ይሉኛል። ለሁሉ አካፍዬ ባዶ ሳህን ይዤ ልገባ ነው?

"በውስጤ የሚያምጽብኝ ማን ነው?" አልኳት ትዕግስትን።

"ልሙጥ ጡንቻ ይባላል፣ ጋሼ። በደም ሥሮችዎ ግድግዳ፣ በጨጓራዎ፣ በአንጀትዎ ውስጥ አለ። እንደ ክንድ ጡንቻ ቶሎ አይደክመውም፤ ግን የእርስዎን ትእዛዝ አይሰማም። እሱ ሲኮማተር የደም ሥሩ ይጠባል፣ ልብ ደግሞ ደሙን በጠባቡ ለመግፋት ትታገላለች።"

"ልብስ ትሰማኛለች?"

"እሷማ ጭራሽ! ምቱን የሚያስጀምሩ የራሷ ህዋሳት አሏት።"

ያለ አለቃ የሚሠራ ሠራተኛ በሕይወቴ አላየሁም። ቢሆንም ተጽናናሁ። "ትታገል ታዲያ! የእኔ ተሸካሚዎች ክንዳቸው የፈረጠመው በሥራ ብዛት አይደለም?"

"ልብ በግፊት ብዛት ስትፈረጥም ግድግዳዋ ይወፍራል፣ ጋሼ። ከዚያ ላላ ማለት ያቅታታል። ካልላላች ደግሞ ደም በደንብ አይሞላባትም።"

 የመጋዘኔ ግድግዳ ወደ ውስጥ እየወፈረ ቢመጣ እህሉን የት ላስቀምጠው ነው? ነገሩ ገባኝ።

ቀደም ባለው ዘመን ግምገማ የሚባል ነገር እንደነበር ታስታውሳላችሁ። መሥሪያ ቤቱም ቀበሌውም ሰውን ፊት ለፊት አስቀምጦ ድክመቱን ይዘረዝርለታል፤ ሰውየውም ግለ ሂስ አድርጎ፣ ጥፋቱን አምኖ ይቀመጣል። ስንቱን ግትር ሲያላላ በዓይኔ አይቻለሁ። ታዲያ ለእነዚህ ልሙጦች ምን ያንሳል? ጠዋት ጠዋት በሐኪሙ ትእዛዝ ወደ እንጦጦ እወጣና ባሕር ዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ስብሰባውን እከፍታለሁ። "በሉ እንጀምር። የክንድ ደም ሥሮች፣ ማን ጠበብ በሉ አላችሁ? ጨጓራ፣ አንተም ብዙ ሐሜት አለብህ!"

አንድ ቀን እንጨት የተሸከሙ እናት አልፈውኝ ሄደው ተመለሱ።

"አባቴ፣ ከማን ጋር ነው?"

"ከደም ሥሮቼ ጋር።"

"ምን አሉዎት?"

"እስካሁን ግለ ሂስ አላደረጉም።"

"እንግዲያው የእኔንም ጉልበት ይገምግሙልኝ" ብለውኝ ቁልቁል ወረዱ።

ልኬቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር። ዘርጋው ማንም ሳይጠራው ይመጣል፤ ፊት ለፊቴ ይቀመጣል፤ የመለኪያውን መርፌ አንገቱን አስግጎ ያያል። "ስንት ሆነ?" ይላል፣ የራሱን ሥጋ እንደሚያስመዝን ሰው። እሱን ሳየው ደረቴ ውስጥ ከበሮ ይመታል። ቁጥሩም ከፍ ይላል።

"አይዞዎት ጋሼ፣ የሚበላልዎት ሰው አያጡም" ይለኛል።

ፋሲካ ደረሰ። ማለዳ ጎረቤት ግቢ በሬው ታርዶ፣ በየብልቱ ተለያይቶ፣ ቅጠል ተነጥፎ፣ መደቡ ሲደለደል እኔ ሳጥን ላይ ተቀምጬ በበትሬ አዛለሁ። "ከዚያ ሽንጥ ቀንስና እዚህ ጨምር! ያ መደብ አጥንት በዝቶበታል!" ጨጓራው ሲመጣ ለይቼ አየሁት። ለካ ልሙጡ ይህ ነው! የበሬውም እንደኔው ሳይታዘዝ ኖሮ ነው የሞተው። ትዕግስት በዚህ መሐል አጠገቤ ተቀምጣ "ጋሼ፣ ክንድዎን" አለችኝ። በትሩን በአንድ እጄ እንደያዝኩ ሌላውን ሰጠኋት፤ ምን እንደምታደርግም ልብ አላልኩም።

"ወርዷል!" ብላ ጮኸች። "ኖርማል ነው! ኪኒኑና የእግር ጉዞው ሠርተዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ቁጥሩን ከፍ የሚያደርገው ሥጋት ነበር ማለት ነው። ግን ኪኒኑን እንዳያቋርጡ!"

መደቡ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ የነበረው ዘርጋው ብድግ አለ። "መሣሪያው ተበላሽቷል! በእኔ ይሞከር!" ክንዱን ራሱ ገልጦ ሰጠ። ትዕግስት ነፋች፣ አስተነፈሰች፣ ፊቷ ተለወጠ። ያን ፊት አውቀዋለሁ።

"ጋሽ ዘርጋው፣ ነገ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን" አለችው።

አስካለ ነጠላዋን አስተካከለች። "ሕጉ አንድ ነው። እንግዲህ ዘርጋው፣ ያንተን ድርሻ ጋሼህ ይውሰደው።"

ሁለት መደብ! ሳልፈልግ ዓይኔ ቆጠራቸው፤ አንድ፣ ሁለት። ከበሮው ጀመረ። ጆሮዬ ሞቀ። አስካለ ደግሞ ጆሮዬ ሲቀላ ምን ማለት እንደሆነ ከሠርጋችን ጀምሮ የምታውቅ ሴት ናት።

"ትዕግስት፣ እስቲ ይሄን ሰውዬ እንደገና ለኪው።"

ቁጥሩን አልነግራችሁም። ሁለቱንም መደብ አስካለ አሸክማ ወደ ቤት አስገባች፤ እኔና ዘርጋው ደጅ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ጨው የሌለው ጎመን በአይብ ቀረበልን። ከውስጥ የጥብስ ድምፅ ይሰማል። ጨጓራዬ ግለ ሂሱን ያን ጊዜ ጀመረ፤ ጮክ ብሎ።

"ለመሆኑ አስካለን ለምን አትለኪያትም?" አልኳት ትዕግስትን።

ትዕግስት ወደ በሩ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ጋሼ፣ እኔ ገና ተማሪ ነኝ።"