የናሙናው ቤት ነዋሪዎች

የሰው ልጅ ከዋሻ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ቤት ለመሥራት ቦታ፣ ድንጋይ፣ እንጨትና ጉልበት ያስፈልጋል እያለ በከንቱ ሲደክም ኖሯል። ይህን የዘመናት ስሕተት ያረመው የከተማችን የዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች የመኖሪያ ቤት አቅርቦት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ነው። ጽሕፈት ቤቱ በተቋቋመ በሰባት ዓመት ውስጥ አንዲት ድንጋይ ሳያነሳ፣ በስብሰባ ብቻ፣ ለአሥራ ሁለት ሺህ ቤተሰብ አሥራ ሁለት ሺህ ቁጥር አድሏል። ቁጥር የያዘ ሰው ከዚያ ወዲያ ቤት አልባ አይባልም፤ ተጠባባቂ ይባላል። በዚህ ዘዴ በከተማችን የነበሩት ቤት አልባዎች ሁሉ በአንድ ጠዋት አልቀዋል።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያሉ የሚያሽሟጥጡ ክፉ አፎች አልጠፉም። ልዩነቱን ልብ አላሉትም። የሰማይዋ ላም ቁጥር የላትም።

ቁጥር ስምንት ሺህ አራት መቶ አሥራ ስድስት ሦስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ ነው። ባልየው መስታወት ገጣሚ ነው። በየፎቁ ተንጠልጥሎ ለአራት መቶ ቤት መስኮት ገጥሟል፤ አራት መቶውንም ያያቸው ከውጭ በኩል ነው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ሦስተኛዋ የባልየው እናት ሲሆኑ የሰፈሩ ሰው «እማማ ይግባኝ» ይላቸዋል፤ የመጨረሻውን ቃል እሳቸው ካልተናገሩ ክርክር የሚዘጋ አይመስላቸውማ።

ሦስቱ በአንዲት የኪራይ ክፍል ይኖሩ ነበር። በወሩ መጀመሪያ አከራያቸው አንኳኩቶ ገባ።

«እስከ ወሩ መጨረሻ ልቀቁልኝ። መኪና ገዝቻለሁ።»

«እንኳን ደስ ያለህ!» አሉት እማማ ይግባኝ። «እኛ መቼ እንዳትነዳ ያዝንህ?»

«ማደሪያ የለውም እኮ፣ እማማ። ውጭ ሲያድር ቀለሙ ይለቃል።»

«እኛስ ውጭ ስናድር?»

አከራዩ ሐቀኛ ሰው ነውና አሰብ አደረገ። «እናንተ የሚለቅ ቀለም የላችሁም» ብሎ ወጣ።

በማግስቱ ልብስ ሰፊዋ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደች። ሥራ አስኪያጁ አባታዊ በሆነ ፈገግታ ተቀበሏት።

«እህቴ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል።»

«ጌታዬ፣ ሰባት ዓመት ሞላው። እንቁላሉ ተፈልፍሎ ቢሆን ኖሮ ይኼኔ አርጅቶ ሞቷል።»

ሥራ አስኪያጁ ማስታወሻቸውን አውጥተው «ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች ትዕግሥት ያንሳቸዋል፤ ሥልጠና ይሰጣቸው» ብለው ጻፉ። እንዲህ ያለ ጥልቅ አስተያየት ለማግኘት ሌላ አገር ቢሆን ጥናት ይጠይቃል።

በዚያው ሳምንት ከበላይ አካል ደብዳቤ መጣ። ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ልዑካን መጥተው የተሠሩትን ቤቶች ይጎበኛሉ ይላል። ጽሕፈት ቤቱ ተሸበረ። ስለሚሠሩ ቤቶች፣ ሊሠሩ ስለታሰቡ ቤቶች፣ ቢሠሩ ስለሚኖራቸው ውበት የተጻፈ ሪፖርት በየመሳቢያው ሞልቷል። «የተሠሩ» የሚል ቃል ግን በጽሕፈት ቤቱ ታሪክ ተሰምቶ አያውቅም። ለሁለት ቀን አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጡና አንድ የናሙና ቤት እንዲሠራ ወሰኑ። ቦታው እዚያው የጽሕፈት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ሆነ፤ ውጭ ቢሠራ ዝናብ ጉብኝቱን ሊያበላሸው ይችላላ። ለሰው መኖሪያ ሲሠራ ዝናብ መታሰቡ በራሱ ትልቅ እርምጃ ነው።

ቤቱ ሁለት ክፍል፣ ማብሰያና መጸዳጃ ነበረው። አዳራሹ ጣሪያ ስላለው ቤቱ ጣሪያ አላስፈለገውም። ለቧንቧ ሠራተኛው ናሙና መሆኑን የነገረው ስላልነበረ ውሃውንም ፍሳሹንም አገናኝቶ ሄደ። በዚያ ጽሕፈት ቤት የተሠራ ብቸኛው ትክክለኛ ሥራ እንግዲህ በመረጃ እጦት የተሠራ ነው።

ለመስኮቱ መስታወት ገጣሚ ተጠራ፤ የመጣው የእኛው ሰውዬ ነው። መሰላል ላይ ቆሞ ሲገጥም ሥራ አስኪያጁ ከሕግ አማካሪያቸው ጋር ቤቱን ሦስት ጊዜ ዞሩትና ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«አንድ ነገር ጎድሎታል።»

«ሰው» አለ የሕግ አማካሪው።

እውነትም ሰው ጎድሎታል። ከልብስ መደብር አሻንጉሊት ለመከራየት ተሞከረ፤ ባለመደብሩ የጠራው ዋጋ ግን አንድ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ በሦስት ወር ከሚያገኘው በለጠ። የሁሉም ዓይን ወደ መሰላሉ ዞረ።

«አንተ፣ ገቢህ እንዴት ነው?»

«ዝቅተኛ ነው፣ ጌታዬ።»

«ምን ያህል ዝቅተኛ?»

«ከዚህ ቢጠሩት አይሰማም።»

«ቤተሰብስ አለህ?»

«ሚስትና እናት።»

«ለሁለት ክፍል ልክ ነው!» አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ ልብስ እንደሚለካ ሰው።

ውሉ ቀላል ነበር። ሦስቱ ጠዋት ይመጣሉ፣ ነዋሪ ሆነው ይውላሉ፣ ሥራ ሲያልቅ ይሄዳሉ። ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን አምጥታ እዚያው እንድትሰፋ ተፈቀደላት፤ የስፌት መኪና ድምፅ ለድህነት ክብር ይሰጣል ተብሏል። ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው መመሪያ ሰጡ።

«እንግዶቹ ሲመጡ ደስተኛ ሁኑ። ግን መጠነኛ ደስታ ይሁን። ካበዛችሁት ገቢያቸው ጨምሯል ይሉናል።»

«ሳቅ ይፈቀዳል?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ፈገግታ። ጥርስ ሳይታይ።»

«ጥርሱማ የለኝም» አሉ እማማ ይግባኝ። «እንግዲያ የእናንተን ድርሻ እኔ ልሳቅላችሁ።»

እዚህ ላይ የመዝገብ ቤት ኃላፊዋን ማመስገን ግዴታ ነው። በዚያ ጽሕፈት ቤት ሰውም ሆነ ወንበር ያለ ቅጽ ገብቶ አይቀመጥም። ነዋሪ የሚያስቀምጥ ቅጽ ደግሞ በመጋዘኑ ያለው አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ የቤት ርክክብ ቅጽ። በመጀመሪያው ዓመት አሥራ ሁለት ሺህ ታትሞ አንዱም ሳይሞላ ተቀምጧል። ኃላፊዋ ሰባት ዓመት ሙሉ አርብ አርብ አቧራውን ስትጠርግለት ኖራለች። አሁን ቅጽ ቁጥር አንድን አወጣች። የሦስቱን ስም፣ የክፍሉን ብዛት፣ የቁልፉን ዓይነት በሚያምር ጽሕፈት ሞላች፤ ሦስቱን አስፈረመች፤ ክቡን ማኅተም እፍ ብላ አሳረፈችበት። ለሥራ አስኪያጁም አቀረበች። እሳቸው አንብቦ የሚፈርም ኃላፊ ሥራ ይበድላል የሚል አቋም ስላላቸው አቋማቸውን አክብረው ፈረሙ።

ልዑካኑ በቀኑ መጡ። መሪያቸው በመስኮቱ አንገታቸውን አስግገው፣

«እማማ፣ ቤቱ እንዴት ነው?» አሉ።

«ደግ ቤት ነው። ዝናብ አያስገባ፣ ነፋስ አያስገባ። ጎረቤቶቻችን ብቻ ሥራ ፈቶች ናቸው መሰለኝ፣ ቀኑን ሙሉ ተሰብስበው ያወራሉ።»

ሥራ አስኪያጁን ትን አላቸው።

«በእርግጥ ተረክባችኋል?» አሉ መሪው።

ሥራ አስኪያጁ ትንታቸውን ውጠው ሳይጨርሱ የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ቅጹን እንደ በኩር ልጅ በሁለት እጇ ታቅፋ ቀረበች። ልዑካኑ ማኅተሙን አዩ፤ ፊርማውን አዩ፤ አጨበጨቡ። በሪፖርቱም «አምና ዜሮ፣ ዘንድሮ አንድ» ተብሎ ተጻፈ። የዕቅድ ባለሙያው ዕድገቱን በመቶኛ ሊያወጣ ቢሞክር ማስያው እምቢ ስላለው «ከሒሳብ በላይ የሆነ ዕድገት» ብሎ መዘገበው።

እንግዶቹ ሲሄዱ ለሦስቱ ነዋሪዎች አንዳንድ የምስጋና ወረቀት ተሰጣቸውና በሩ ተከፈተላቸው። ከኪራይ ክፍላቸው ሊወጡ ሁለት ቀን ቀርቷቸዋል። ልብስ ሰፊዋ ባሏንና አማቷን አስከትላ ወደ መዝገብ ቤቱ ጎራ አለች።

«እህት፣ እባክሽ ተራችን የት እንደደረሰ እዪልኝ። ስምንት ሺህ አራት መቶ አሥራ ስድስት።»

ኃላፊዋ መዝገቡን ገለጠች። «ተሰርዟል።»

«ምን? ለምን?»

«ቤት አግኝታችኋላ! ቤት ያገኘ ሰው ስሙ ይሰረዛል። በቀይ ነው የሰረዝኩት፣ በማስመሪያ።»

«የምን ቤት?»

ኃላፊዋ በጣቷ ወደ አዳራሹ አመለከተች። ልብስ ሰፊዋ እንባዋ መጣ። ባልየው ግድግዳውን ተደገፈ። ሰባት ዓመት የጠበቁት ቁጥር በጥቂት ቀን ፈገግታ ሄደ። እማማ ይግባኝ ግን ወደ ጠረጴዛው ተጠጉ።

«ልጄ፣ ደግመሽ በይልኝ። ተረክበናል?»

«በማኅተም፣ እማማ።»

«ቁልፉስ?»

«ቅጹ ላይ "ቁልፍ ተሰጥቷል" ይላል።» ኃላፊዋ ደነገጠች። ቅጽ ሊዋሽ ነው። መሳቢያዋን ስባ ቁልፉን ሰጠቻቸው።

እማማ ይግባኝ ወደ ልጃቸውና ወደ ምራታቸው ዞሩ። «ምን ቆማችሁ ታለቅሳላችሁ? ዕቃውን አምጡ!»

በምሳ ሰዓት፣ ሠራተኛው ሁሉ በወጣበት፣ አልጋው ገባ። ሥራ አስኪያጁ ከምሳ ሲመለሱ ከክብር እንግዶች ወንበር እስከ ንግግር ማድረጊያው አትሮኖስ ገመድ ተዘርግቶ፣ የመስታወት ገጣሚው ሱሪ ንግግር በሚደረግበት በኩል ተሰጥቶ ይንጠባጠባል።

«እማማ! ይህ እኮ ናሙና ነው!»

«ናሙና ውሃው ይፈሳል?»

«ለማሳያ ነው የተሠራው!»

«አየነው እኮ። ወደድነው።»

ሥራ አስኪያጁ የሕግ አማካሪውን ጠሩ። «አስወጣልኝ!»

«ይቻላል» አለ አማካሪው። «መጀመሪያ ርክክቡ ይሰረዛል። ሲሰረዝ አንድ የነበረው ዜሮ ይሆናል። ያንን ለበላይ አካል በደብዳቤ እናሳውቃለን።»

«ከአንድ ወደ ዜሮ?»

«መቶ በመቶ ማሽቆልቆል ነው፣ ጌታዬ። ይኼኛው በማስያ ይወጣል።»

ሥራ አስኪያጁ ከሱሪው ሥር ተቀመጡ።

ወሩ አለቀ፤ ቤተሰቡ ጣሪያ ሥር ነው። በአዲሱ ወር ሦስተኛ ቀን እማማ ይግባኝ ወደ መዝገብ ቤት ብቅ አሉ። የማኅተም ድምፅ ዕረፍት ነስቷቸዋል፤ በስብሰባው ጫጫታ ምክንያት ምራታቸው የስፌት መኪናዋን ድምፅ መስማት አቅቷታል። ኃላፊዋ የነዋሪ አቤቱታ ቅጽ ቁጥር አንድን ስታወጣ በደስታ ልትስማቸው ምንም አልቀራት። አቤቱታው ለሕግ አማካሪው ቀረበ። ደንቡን ገልጦ ቢያይ አንቀጽ አሥራ አራት እንዲህ ይላል፦ «ርክክብ በተፈጸመበት የመኖሪያ ሕንፃ ውስጥ የቢሮ ሥራ ማካሄድ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።» አንቀጹን የጻፉት ሥራ አስኪያጁ ናቸው፤ ተሸልመውበታል።

ጽሕፈት ቤቱ ወጣ። አርባ ሠራተኞች ጠረጴዛቸውን ተሸክመው መንገድ ላይ ተሰለፉ። ደላላ ተቀጠረ።

«አርባ ሰው?» አለች የመጀመሪያዋ አከራይ። «መጸዳጃው አንድ ነው።»

«ስብሰባ ታበዛላችሁ?» አለ ሁለተኛው። «ተሰብሳቢ አላከራይም፤ ባለፈው ያስገባኋቸው ወንበሬን ጨርሰውታል።»

ሦስተኛው በር ላይ ደላላው ራሱ ቆመ። «ጌታዬ፣ በዚች በጀት የሚገኝ የለም። እዚያ ለደሀ ቤት የሚሰጥ መሥሪያ ቤት አለ አሉ፣ ለምን ሄደው አይመዘገቡም?»

ምክሩ ሕጋዊ ስለነበረ ተመዘገቡ። የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ መዝገቡን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ አስፋልቱ ዳር ቁጭ ብላ፣ የራሷን መሥሪያ ቤት አሥራ ሁለት ሺህ አንደኛ አድርጋ ጻፈችው። ሥራ አስኪያጁ ሳያነቡ ፈረሙ።

ሦስት ሳምንት ቆዩ። ዝናብ መዝገቡን፣ ፀሐይ ሥራ አስኪያጁን ጎዳ። በመጨረሻ አርባዎቹ ተያይዘው ወደ አዳራሹ ተመለሱና አንኳኩ። መስታወት ገጣሚው በሩን ከፍቶ አስገባቸው፤ እማማ ይግባኝ በቤታቸው መስኮት ብቅ አሉ። ልጃቸው ከገጠማቸው መስኮቶች ሁሉ ከውስጥ ሆነው የሚያዩበት ይህ አንዱ ብቻ ነው፤ ሰው ከዚያ ሲታይ አጠር ይላል።

«እማማ» አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ «ጥግ ብቻ ብትሰጡን። አዳራሹ ሰፊ ነው።»

«ስንት ናችሁ?»

«አርባ።»

«ምንድነው የምትሠሩት?»

ሥራ አስኪያጁ ወደ ሕግ አማካሪው አዩ። አማካሪው ወደ ዕቅድ ባለሙያው አየ። ባለሙያው ጫማውን አየ።

«እንደው ገቢያችሁስ?»

«አሁንማ ዝቅተኛ ነው፣ እማማ።»

ልብስ ሰፊዋ ከመኪናዋ ቀና አለች። «እማማ፣ ያሳዝናሉ። ያቺን ጥግ እንስጣቸው።»

«ለልብስ ማስጫ የያዝኳትን?» እማማ ይግባኝ የአርባውን ሰው ፊት ከዳር እስከ ዳር አዩ። ከዚያ እርሳስና ደብተር እንዲቀርብላቸው አዘዙ።

«ቦታ የለንም፣ ልጄ» አሉ ለሥራ አስኪያጁ። «ቁጥር ግን ሞልቷል።»