በእትዬ ዘነበች ላይ የተቆለፈችው መኪና

የራሴ ዕቃ ተሰብሮብኝ ብዙ አዝኜ አላውቅም። ቴርሞሴ ሲሰበር «ዕድሜውን ጨርሶ ነው» እላለሁ፤ የወንበሬ እግር ሲወልቅ ግድግዳ አስደግፌው እቀመጣለሁ። የሰው ዕቃ ግን ገና እጄ ሲገባ ይከብደኛል። አንድ ጊዜ ጎረቤቴ ያዋሱኝን ዣንጥላ ዝናብ እንዳይነካባቸው ብዬ በብብቴ ሸጉጬው፣ እኔ በስብሼ ቤቴ ገብቻለሁ። እናንተም ሳቁብኝ፣ ግድ የለም። አደራ ተቀብላችሁ የምታውቁ ከሆነ ግን የሚያስፈራው ዕቃው ሳይሆን ባለቤቱ ሲያስረክባችሁ የሚያሳያችሁ ፈገግታ መሆኑን ታውቃላችሁ። «ኧረ ምንም አይሆንም፣ እንደ ራስዎ ዕቃ ይጠቀሙበት» ይላል። እንደ ራሴማ ብጠቀምበት ግድግዳ አስደግፌው ነበር።

ይህን ሁሉ ያስወራኝ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ዳንኤል ነው። ዳንኤል ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ከአዲስ አበባ እኛ ዘንድ፣ መቱ ድረስ፣ በኤሌክትሪክ መኪና መጣ። መኪናዋ ነጭ፣ ከፍ ያለች፣ የከተማ አውቶሞቢል ትሁን የመስክ መኪና ገና ያልወሰነች ዓይነት ናት። ሰፈራችን መኪና መምጣቱን የሚያውቀው በጆሮው ነበር፤ ይቺ ግን በራችን ላይ ስትቆም ዶሮዎቹ እንኳ አልሰሟትም። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ከበባት። ቤንዚን ፍለጋ ከማደያ ማደያ የሚንከራተቱት ባለ ሞተር ሳይክሎች በቅናት አዩአት። ዳንኤልም ደረቱን ነፍቶ ገመዷን ከቤታችን ሶኬት ላይ ሲሰካ መብራት ሄደ። እነሱ ቤንዚን ይጠብቃሉ፣ እሱ መብራት ይጠብቃል። ባለ ሞተሮቹ ያን ዕለት ደስ ብሏቸው ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን መሥሪያ ቤቱ በአስቸኳይ ወደ ጋምቤላ ለመስክ ሥራ ፈለገው። ባልደረቦቹ በራሳቸው መኪና መጥተው ሲወስዱት ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ።

«ጋሼ፣ ኪስዎ ውስጥ ብቻ ይያዙት። ሲጠጉ ትከፈታለች፣ ሲርቁ ትቆለፋለች። በሳምንት ውስጥ እመለሳለሁ። ባይሆን እትዬ ዘነበችን ሐኪም ቤት ያመላልሱባት።»

እትዬ ዘነበች የእናቴ ታናሽ እህት ናቸው። ሰማንያን አልፈዋል፤ ጎሬ ነው የሚኖሩት። ስኳርና የጉልበት ሕመም አለባቸው፤ ምላሳቸው ግን ፍጹም ጤነኛ ነው። በየጊዜው ለክትትል መቱ ሆስፒታል ይመጣሉ፤ የሚመጡትም ያን የታመመ ጉልበታቸውን ሚኒባስ ውስጥ በሰው ጉልበትና በሰው ዘንቢል መካከል አጣጥፈው ነው። አንድ ቀን እንኳ ተንፈላሰው ቢመጡ ብዬ አሰብኩ። እርግጥ ነው፣ ጎሬ ላይ በዚያች መኪና መታየቱንም አልጠላሁትም። ሠላሳ ዓመት በእግሬ እየተመላለስኩ ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ይፈቀድልኝ።

የቀጠሯቸው ቀን ማለዳ ጎሬ ሄጄ ከኋላ ወንበር በቀኝ በኩል አስቀመጥኳቸው። ለደም ምርመራ ምንም ሳይቀምሱ እንዲመጡ ስለታዘዙ ባዶ ሆዳቸውን ናቸው። ቁልቁለቱን ወርደን ጥቂት እንደሄድን፣

«ምትኩ፣ ሞተሩን አስነሳው እንጂ፣ ይረፍድብናል» አሉኝ።

«እየሄድን እኮ ነው፣ እትዬ።»

በመስኮት ወደ ውጭ አይተው ዛፎቹ ወደ ኋላ ሲሸሹ ካረጋገጡ በኋላ ነው ያመኑኝ።

መቱ ስንደርስ የጤና መድን ደብተራቸው ፎቶ ኮፒ እንደሚያስፈልግ ትዝ አለኝ። እኛ አገር ዋናው ሰነድ በእጅህ እያለ ኮፒው ከሌለህ አልተወለድክም። ገበያው አጠገብ አቆምኩና «ሁለት ደቂቃ፣ እትዬ» ብዬ ወረድኩ። ኮፒ ቤቱ መብራት የለውም። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ፣ ከፊቴ የነበሩት ሰዎች ሁሉ ኮፒ እስኪያደርጉ ሁለት ደቂቃዬ ግማሽ ሰዓት ሆነች። ወረቀቴን ይዤ ስመለስ፣ ከዝናብ በፊት የሚወጣው ያ ተናዳፊ ፀሐይ መኪናዋ ላይ አናቱን ደፍቶባታል። ተጠጋሁ። አልተከፈተችም። ቁልፉን ተጫንኩ። ምንም። እጀታዋን ሳብኩ። ምንም። መብራቷም ድምፅዋም ጠፍቶ፣ መኪናዋ ሞታ ነበር።

እትዬ ዘነበች ከውስጥ የበሩን እጀታ ይጎትታሉ፤ እሱም አይከፍትም። በኋላ እንደተረዳሁት ዳንኤል ትንንሽ ልጆች ስላሉት የኋላ በሮቿ ከውስጥ እንዳይከፈቱ አድርጓቸዋል። በዚያ ጉልበታቸው ደግሞ ወደ ፊት ወንበር መሻገር አይታሰብም።

ዳንኤል ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ አይሠራም። ሰው ተሰበሰበ። የመቱ ሰው ደግ ነው፤ ደግነቱን ግን በምክር ይጀምራል። አንዱ ግፏት አለ። አንዱ ኮምፒውተር ስለሆነች አጥፍቶ ማብራት ነው አለ፤ ጠፍታ መቆሟን ነገርኩት። አንድ ከረባት ያሰረ ሰውዬ መስታወቱን በጣቱ እየመታ «ይሄ ቻይና ካልሆነ የትም አይገኝም፣ እንዳትነኩት» ብሎ አስጠነቀቀኝ። እኔም ሰማሁት! አያችሁ፣ አክስቴ ውስጥ እያሉ እኔ ስለ ዳንኤል መስታወት እጨነቃለሁ። የሰው ዕቃ እንዲህ ያደርጋል።

እትዬ ዘነበች በመስታወቱ ውስጥ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፃቸው ግን አይወጣም። እጃቸውንም ወደ እኔ ይሰነዝራሉ። እየጸለዩልኝ፣ ምናልባትም እየመረቁኝ መሰለኝ። ሁለት እጄን ዘርግቼ «አሜን፣ አሜን» አልኩ። ቀጥሎ ግንባራቸው ላይ ላብ ሲያበራ አየሁ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ አንገታቸው ወደ ጎን ዘመም አለ። ስኳራቸው እየወረደ ነው። ባዶ ሆዳቸውን ነው ያመጣኋቸው። 

«አኮን፣ እናታችንን፣ አታዩም እንዴ! ጨብሳ! ስበሩት!» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ተሰማ። ጢሙ የሸበተ የባጃጅ ሾፌር ነው፤ ለታ ይባላል። የጎማ መፍቻውን እጄ ላይ አኖረው።

እሳቸው ከተቀመጡበት በሚርቀው በግራው የኋላ በር በኩል ዞርኩ። የመጀመሪያው ምት ነጥሮ መለሰኝ። ሁለተኛውም። በሦስተኛው ማዕዘኑን ስመታው መስታወቱ በአንዴ ረግፎ እንደ በረዶ ወረደ። ለታ ግማሽ አካሉን በመስኮቱ አስገብቶ፣ እጁን ዘርግቶ የፊተኛውን በር ከውስጥ ከፈተው። እኔ በዚያ ገብቼ በሁለቱ ወንበሮች መካከል ተንጠራርቼ፣ አንዲት ባለ ሱቅ ያቀበለችኝን ለስላሳ ከንፈራቸው ላይ አደረግኩ። በመጀመሪያ አገጫቸው ላይ ፈሰሰ። ቀጥሎ ዋጥ አደረጉ። ደግሞ ዋጥ። በዚህ መካከል ለታ የፊት ኮፈኑን ከፍቶ፣ ከባጃጁ ባትሪ ሁለት ሽቦ ስቦ የመኪናዋን በሮች ከምታዝዘው ትንሿ ባትሪ ጋር አገናኘው። ከውጭ አገር ድረስ ተጭና የመጣችው የኮምፒውተር መኪና በባጃጅ ባትሪ ነቃች፤ በሮቹ ሁሉ ቀጭ ብለው ተከፈቱ።

እትዬ ዘነበች ጠርሙሱን ጨርሰው ዓይናቸውን ገለጡና ተመለከቱኝ።

«አንተ! እኔ ስበረው፣ ስበረው እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ስጮህ፣ አንተ ምን ሆነህ ነው አሜን የምትለኝ?»

የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እንዲህ ደስ የሚል ስድብ ተሰድቤ አላውቅም።

ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ አይታ አረጋጋቻቸው፤ ለስላሳ ስለጠጡ ግን ለደም ምርመራው በሌላ ቀን ኑ ተባልን። የኮፒውን ነገር የጠየቀን ሰው አልነበረም።

የሕይወት ነገር አለፈ፤ የመስታወት ነገር መጣ። ከሰዓት በኋላ የኢሉባቦር ዝናብ ወረደ። የመኪናዋን መስኮት በላስቲክና በፕላስተር ሸፍኜ፣ ዝናቡ ሲያንኳኳው እያንዳንዱን ጠብታ ዳንኤል የሚያንኳኳ እየመሰለኝ ተቀመጥኩ። ዳንኤል ሊመለስ አራት ቀን ቀርቶታል፤ ስልኩ አሁንም አይሠራም። የቤት መስታወት የሚቆርጡት ሰውዬ በሜትር ለክተው፣ «ቀጥ ያለ ቢሆን ዛሬውኑ፤ ይሄ ግን ጎበጥ ያለ ነው» አሉኝና ኮምፔንሳቶ እንዳስመታበት መከሩኝ። በደሌ ደወልኩ፤ የለም። ጅማ ደወልኩ፤ «የኤሌክትሪክ ከሆነ ኤሌክትሪሻን ይጠይቁ» አሉኝ።

በመጨረሻ አዲስ አበባ መለዋወጫ የሚሸጥ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ትዝ አለኝ። በጂኦግራፊ ሁለት ጊዜ የጣልኩት ልጅ ነው፤ ስደውልለት ያንኑ ነበር የፈራሁት። እሱ ግን በማግስቱ ደወለልኝ። ፊቷ ተጋጭቶ ከቆመች አንዲት ተመሳሳይ መኪና ላይ የግራ የኋላ በሯን መስታወት በደህና አውጥቶ፣ በፍራሽ ስፖንጅ ጠቅልሎ በአውቶቡስ ልኮታል። «መቱ የት እንደሆነች አሁን አውቃለሁ፣ ቲቸር» አለኝ።

አውቶቡሱ ይደርሳል በተባለበት ሰዓት አልደረሰም። ያዮ ላይ ዛፍ ወድቆ መንገድ ዘግቷል ተባለ። መናኸሪያው ዳር ቆሜ፣ መስታወቱ ጣሪያ ላይ ከሻንጣና ከብስክሌት ጋር ሲላተም በዓይነ ሕሊናዬ እያየሁ አስራ ምናምን ጊዜ ሰበርኩት። አውቶቡሱ ገብቶ በሩ ሲከፈት፣ አንዲት ነጠላቸውን ያጣፉ እናት ስፖንጁን እንደ ሕፃን ታቅፈው ወረዱ።

«መስታወት ነው ሲሉ ሰምቼ፣ ከበደሌ ጀምሮ ጭኔ ላይ ነው ያመጣሁት። የማን ነው?»

የኔ ነው አልኩ። ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቅ ባጃጅ ይዘው ሄዱ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መግጠሙ ለጫልቱ ደረሰ። ጫልቱ ከኮሌጅ በአውቶ መካኒክ ተመርቃ፣ መቱ ላይ ባጃጅና ሞተር ሳይክል የምትጠግን ሴት ናት። «ኤሌክትሪክ መኪና ነክቼ አላውቅም፤ በር ግን በር ነው» ብላ ገባችበት። የበሩን የውስጥ ሽፋን አንድ በአንድ ነቅላ፣ ከሆቴል በተዋስነው የምንጣፍ አቧራ መምጠጫ ስብርባሪውን አጸዳች። መስታወቱን ወደ ቦዩ አውርዳ ከማንሻው ጋር በብሎን አሰረችው። ስትሞክረው ግማሽ መንገድ ላይ አጉረምርሞ ቆመ። እጄን ወደ በሩ ሰደድኩ።

«ጋሼ፣ እርስዎ እዚያ ጋ ይቀመጡልኝ» አለችኝ በትሕትና። እንዳልነካባት ነው።

ፈታችው፣ የሩብ ጣት ያህል ወደ ፊት ገፋችው፣ መልሳ አሰረችው። ተጫነችው። መስታወቱ ያለ አንዳች ድምፅ ወጥቶ የላይኛው ጠርዝ ውስጥ ቅልል ብሎ ገባ። አወረድኩት። አወጣሁት። ደግሜ አወረድኩት። ጫልቱ አራተኛውን ከለከለችኝ። ውኃ በባልዲ ደፋንበት፤ ጠብ ያለ የለም። ትከሻዬ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ አብሮ ከውኃው ጋር ወረደ።

ጫልቱ እጇን አብሳ ቁልፉን ጠየቀችኝ። አገላብጣ ጎኑን ጫን ስታደርገው ከሆዱ አንዲት ቀጭን የብረት ቁልፍ ሹልክ አለች። የሹፌሩን በር እጀታ ጫፍ ክዳን ገልጣ፣ የተደበቀ ቀዳዳ አግኝታ፣ ብረቷን ከትታ አዞረችው።

«ባትሪ ሲሞት እንዲህ ነው የሚከፈተው። ያን ቀን በዚህ ለምን አልከፈቱም?»

ኪሴን ዳበስኩ። ቁልፉ ያን ሁሉ ጊዜ ኪሴ ውስጥ ነበር። 

ዳንኤል እንደተመለሰ፣ ገና ሻንጣውን ሳያወርድ ሁሉንም ዘረገፍኩለት፤ የብረቷን ቁልፍ ጨምሮ። መጀመሪያ የጠየቀኝ «እትዬ ዘነበች ደህና ናቸው?» ብሎ ነው። ደህና መሆናቸውን ስነግረው ቁልፉን ተቀብሎ አገላበጠው።

«የቷ ብረት ናት፣ ጋሼ?»

ሁለት ዓመት ነድቷታል። አሳየሁት። ያሳየሁትም ድሮ ካርታ ላይ ወንዝ ለማያገኝ ተማሪ በማሳይበት ድምፅ ነበር፤ ደስ አለኝ፣ አልደብቃችሁም።

የቀሩት እትዬ ዘነበች ናቸው። ለደም ምርመራው ድጋሚ ሳመጣቸው፣ በዚህኛውም ጊዜ በዚያችው መኪና፣ ዳንኤል እየነዳ፣ እኔ ከጎናቸው ተቀምጬ፣ ኪሴንም በሙዝ ሞልቼ፣ ነገሩን ነገርኳቸው። እትዬ፣ ለካ እጀታው ጫፍ ላይ በተደበቀች ቀዳዳ በቁልፍ መክፈት እንችል ነበር፣ በከንቱ ነው ያ ሁሉ የደረሰብዎት፣ ይቅር ይበሉኝ አልኩ።

እጄን መታ መታ አደረጉኝ።

«እንኳን አላወቅህ፣ ልጄ። አንተ ያችን ቀዳዳ ፈልገህ እስክታገኛት እኔ አርባዬ ይወጣ ነበር።»