የአቶ ሚደቅሳ ግራናይት

አቶ ሚደቅሳን በደንብ አውቃቸዋለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ልደታ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ጎረቤት ሆነን ቤታቸው የገባሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዱንም ተሳስቼ ነው። ይሁንና አንድ ነገር ደፍሬ እናገራለሁ። አገር የሚያበለጽግ ሀብት የተቀበረበትን ቦታ የሚያውቅ ሰው የሌለበት ቀበሌ በአዲስ አበባ የለም። ለአንዱ ቀበሌ ወርቅ አዋቂ ይደርሰዋል፤ ለሌላው ነዳጅ አዋቂ። ለእኛ የደረሰን የግራናይት ነው።

ክቡር አቶ ሚደቅሳ በወጣትነታቸው በወለጋ መንገድ ባለ አንድ የመንግሥት ደን ዘበኛ ነበሩ። እዚያ የጥድ ችግኝ ለመትከል ሲቆፍሩ ዶማቸው ሮዝ ድንጋይ መታ። ቁራጩን እስከ ዛሬ በኮታቸው ኪስ ይዘው ይዞራሉ። ድንጋዩ ሲደርቅ አመድ ይመስላል፤ መልኩ የሚወጣው ሲርስ ነው። ስለዚህ እንትፍ ይሉበትና በመዳፋቸው አሽተው ለሰው ያቀብላሉ።

«ጋሼ፣» አለቻቸው አንድ ቀን የኅብረት ሱቋ ሻጭ ወይዘሮ እንዳለች፣ «የማደንቀው ድንጋዩን ነው ወይስ ምራቅዎን?»

«ድንጋይ አትበይው!» አሉ። ይህን ሳይሉ የዋሉበት ቀን የለም። «ግራናይት ነው! የቤተ መንግሥት ወለል የሚሆን!»

የእሑዱ ስብሰባም አያመልጣቸውም። አንድ ጊዜ ሊቀመንበራችን ጓድ ሞቱማ ስለ ጋራ ሽንት ቤት ሲያወያየን እጃቸውን አወጡ።

«ጓድ ሚደቅሳ፣ ስለ ግራናይት ከሆነ ይቀመጡ። አጀንዳው ሽንት ቤት ነው።»

«ወለሉስ?» አሉ አቶ ሚደቅሳ።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለየመሥሪያ ቤቱ አመለከቱ። የምጽፍላቸው እኔ ነበርኩ፤ የእጅ ጽሑፌ ከሐሳቤ ይሻላል ይባላል። ከደኑ ወንዝ መሻገሪያ እስከ ድንጋዩ ያለውን መንገድ ደጋግመው ስለነገሩኝ በቃሌ ይዤዋለሁ። ማመልከቻው ላይ ግን አያስጽፉኝም ነበር። «መርቼ የምወስዳቸው እኔ ነኝ» ይሉ ነበር።

በሰባ ስድስት፣ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ከተማው ሲታደስ፣ ሰሚ ተገኘ። ሁለት መሐንዲሶች በላንድሮቨር ቀበሌው አዳራሽ ድረስ መጡ። ሰፈሩ ወጥቶ ተሰበሰበ። አቶ ሚደቅሳ ከረባት አስረዋል። እንትፍ አሉና ቁራጩን ሰጡ።

ወጣቱ መሐንዲስ አገላብጦ አየው። «እውነተኛ ግራናይት ነው» አለ።

አዳራሹ አጨበጨበ። አቶ ሚደቅሳ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ሰኞ ይመሩናል፣» ቀጠለ መሐንዲሱ። «መጀመሪያ ደኑ ይመነጠራል፤ ከዚያ ቁፋሮ እንጀምራለን።»

«ጥዶቹስ?»

«ማገዶ ይሆናሉ።»

አቶ ሚደቅሳ ከረባታቸውን ፈቱ። እጃቸውን ዘርግተው ቁራጩን ተቀበሉ።

«ቦታው ጠፍቶኛል» አሉ።

ሳቁ አዳራሹን ሞላው። «ዘጠኝ ዓመት አጀንዳችንን የበሉት ለዚህ ነው?» አለ ጓድ ሞቱማ። ከኋላ አንዱ «ውሸታም!» ብሎ ጮኸ። በማግሥቱም የሱቅ ሰልፍ ላይ የቆመው ሁሉ «ጋሼ ጠፍቶኛል» እያለ ሲጠራቸው ዋለ። አዳራሹ ሲስቅ እሳቸው ግን ጣሪያ ጣሪያ ያዩ ነበር።

«ሌላ ቦታውን የሚያውቅ ሰው አለ?» ሲል ጠየቀ መሐንዲሱ።

እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። በስብሰባ ላይ አንድም ቀን ተናግሬ አላውቅም። የዚያን ዕለት ዝም ያልኩት ግን ፈርቼ አልነበረም።

ስብሰባው ሲበተን ወደ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር በሚወስደው መንገድ አብረን ሄድን።

«ጋሼ ሚደቅሳ፣» አልኳቸው፣ «ስንት ጥድ ነበር የተከሉት?»

እርምጃቸውን አፈጠኑ።