ድሬሰር ወልደ ሚካኤልና የእናቴ የዐይን ጠብታ

ሳያስረዳ መድኃኒት መስጠት የማይሆንለት ሰው የሌለበት ክሊኒክ የለም። በሽተኛው ይሞታል እንጂ ማብራሪያው አይቋረጥም። የቆቦው ክሊኒክ እንዲህ ያለው ሰው ክቡር ድሬሰሩ፣ መርፌ ወጊው አቶ ወልደ ሚካኤል ናቸው።

«ቆይማ፣ ከሥሩ ላስረዳህ» ካሉ ወንበር ፈልግ። ጎረቤታችን ካሳ ደሴ ሄዶ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት በተመለሰ ሰሞን ሽንቱ እምቢ ብሎት ይቁነጠነጣል፤ እሳቸው መርፌውን ወደ ላይ ይዘው «በሰውነትህ ሁለት አዛዦች አሉ። አንዱ ሩጥ፣ ተጋጠም ይላል። ሌላው ብላ፣ ተኛ፣ ሽና ይላል። ይሄ መድኃኒት የሁለተኛውን መልእክተኛ መስሎ ይገባል» ይሉታል።

«ታዲያ ይግባዋ፣ ጌታዬ!» ብሎ ጮኸ ካሳ።

የእናቴ የወይዘሮ ብዙነሽ ነገር ግን የሚያስቅ አልነበረም። በ፲፱፻፶፬ ዓ.ም. ግራ ዐይኗ ውስጡ በተጠራቀመ ውኃ ግፊት ጠፋ። የደሴው ሐኪም ለቀኙ ጠብታ አዘዙ፤ ካቋረጠች እሱም እንደሚጠፋ ነገሩን። ጠብታው ሲገባ ብሌኑ ይጠብባል፣ ሁሉም ነገር ይደበዝዛል። ዐይን የሚያጨልም የዐይን መድኃኒት ደግሞ እናቴ ሰምታ አታውቅም። ሦስት ቀን ሞክራ ብልቃጡን ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት።

አቶ ወልደ ሚካኤል ይህን ሰምተው በአውቶብስ እኛ ቤት፣ ሮቢት ድረስ መጡ።

«እማማ፣ ይሄም የዚያው የሁለተኛው አዛዥ መልእክተኛ ነው። ዐይን ውስጥ ያለችውን ጡንቻ ሲያኮማትራት የተደፈነው ቦይ ይከፈታል፣ ውኃው ይወርዳል። ብሌኑ መጥበቡ መድኃኒቱ መሥራቱ ነው።»

«ልጄ፣ አንደበትህ ይባረክ። አላደርግም።»

አምስት ጊዜ ተመላለሱ። አምስት ጊዜ ተመረቁ።

በስድስተኛው ማብራሪያ አለቀባቸው መሰለኝ፣ «ኧረ ተዉ!» እያልኳቸው ያንኑ ዓይነት ጠብታ ከኪሳቸው አውጥተው፣ ቀና ብለው በገዛ ዐይኖቻቸው ውስጥ ጠብ ጠብ አደረጉት። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ እናቴ አገጫቸውን ይዛ ስታይ ብሌናቸው የሰሊጥ ፍሬ አክሏል።

«እኔን ያርገኝ! ምን አደረግህ?»

ቅንድባቸውን እየወጋቸው ተነሡና በር ነው ብለው ከግድግዳ ጋር ተላተሙ። ክንዳቸውን ይዤ እስከ አውቶብሱ ሸኘኋቸው። መንገዱን ሙሉ ሲያስረዱኝ ነበር።

ስመለስ እናቴ ብልቃጡን ይዛ ጠበቀችኝ።

«በል አድርግልኝ። የሚለው ነገር እስካሁን አልገባኝም። ግን ለኔ ብሎ ዐይኑን ያጨለመን ሰው አላሳፍርም።»

ይኸው አራት ዓመት ሆነ፣ አንድ ቀን አላጓደለችም። እሳቸውም ቅዳሜ ቅዳሜ ሊያዩዋት ይመጣሉ። እውነቱን ልናገርና፣ ትንሽ ከዘገዩ እኔም ያን ለፍላፊ ፍለጋ በር ላይ እቆማለሁ። ከአውቶብሱ ሲወርዱ ግን ሁልጊዜ ቀድማ የምታያቸው እናቴ ናት።