ለአየር መንገድ የላክኋቸው ሽማግሎች

የጎረቤት ጓዳ ውስጥ ምን እየተጠበሰ እንደሆነ ከሽታው አውቃለሁ። የጅቡቲው ሰፈራችን የአርሂባ ቤት ግድግዳው ስስ ነው፤ ጆሮውን ደግሞ እግዜር ነው የሰጠኝ፤ ምን ላድርገው? ማን ከማን እንደተጣላ፣ የማን ባል ሳይነግር ከች እንዳለ፣ ሁሉንም የምሰማው ሳልፈልግ ነው። እሺ፣ አንዳንዴ ፈልጌም ነው። የራሴ ጉዳይ ላይ ግን ሁሌም ጅል ነኝ። ይኼው ስሙኝ።

አዲስ አበባ ያለችው የእህቴ ልጅ ቤቲ ልትዳር ነበር። እናቷ የለችም፤ በእናት ቦታ የምቆመው እኔ ነኝ። ሽቶውን፣ ጨርቁን በሻንጣ ጠቅጥቄ በሰርጉ ዋዜማ አውሮፕላን ጣቢያ ደረስኩ። በረራው ተሰርዟል፣ ለነገ አዛውረንሻል አሉኝ፤ ደግሞ በፈገግታ። እኔን አዛወሩኝ፤ ሰርጉን ማን ያዛውርልኝ? በማግስቱ ስደርስ ድንኳኑ እየፈረሰ ነው፤ ሙሽሮቹም ሄደዋል። ቤቲ ስልኬን አላነሳ አለች። ወሬ ይዟት ነው የቀረችው ብላለች አሉ። እኔን ያመመኝ እሷ ማለቷ አይደለም፤ የሰማው ሁሉ ማመኑ ነው።

እያለቀስኩ ጅቡቲ ተመለስኩ። ኩርፊያዋ ረዘመ። ፊቷ ሄጄ ካልቆምኩ እንደማትታረቀኝ ገባኝ፤ ለመሄድ ደግሞ ሌላ ቲኬት ያስፈልጋል፤ ከየት ይምጣ? ይኼኔ ሆዳን በሚባለው ሰፈር ፈረንጆች ቤት የምትሠራው አልማዝ መጣች። የማዳሟ በረራ ተሰርዞ አየር መንገዱ ካሣት አለችኝ። በሕግ ያለ ነገር ነው፣ አንቺም ጠይቂ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ካሳ የሚከፈለው ሰው ሲሞት ወይ የሰው በሬ ሲሰበር ብቻ ይመስለኝ ነበር።

መሃል ከተማ ወዳለው ቢሯቸው ሄድኩ። ኃላፊው ከረባት ያሰረ ጎረምሳ ነው፤ እናቱ የድሬዳዋ ሰው ናትና አማርኛው ይፈሳል። አቤቱታሽን በኮምፒውተር ጽፈሽ ላኪ፣ ይታያል አለኝ። ከአራተኛ ክፍል የወጣሁ ሴት፣ ስሜን ስጽፍ እንኳ እጄን ያልበኛል። አልማዝ እኔ ልጻፍልሽ ብትል እምቢ አልኩ። የበደለ ሰው እንዴት እንደሚክስ ለእኔ ሊነገረኝ ነው? ሽማግሌ ይላካል፣ አለቀ። ያ ከረባታም ነገ ያገኛታል ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ አወራሁ።

ሽማግሎቼ ሁለት ናቸው፤ በአዲስ አበባ መስመር ተሳቢ የሚነዱት ጋሽ በላይነህና የሰፈራችን ባለሱቅ ሐጂ ፋራህ። እነሱ ነጫጭ ለብሰው ከፊት፣ እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከኋላ። ወረፋ የያዘው ሰው ሰው የሞተ መስሎት መንገድ ለቀቀልን።

ልጁ ገና ሲያያቸው ከወንበሩ ተነሳ። ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ። ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም እጁን ዘረጋ። አጥፍተናል አባቶቼ፣ አለ። የእናቱን አገር ረስቼው ነበር።

ጋሽ በላይነህ ወደ እኔ ዞሩ። ልጁ ጥፋቱን አምኗል፤ ካሳሽ ምንድን ነው አሉኝ። ደርሶ መልስ ቲኬት አልኩ። ተገቢ ነው አሉ። ደስ አለኝ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በይ እንግዲህ፣ የመሄጃውን ስለ እግዚአብሔር ማሪለት።»

ስለ እግዚአብሔር ተብሎ ምን ይባላል? ማርኩ። መመለሻው አለልኝ ብዬ ተጽናናሁ፤ ያልሄደ ሰው ከየት እንደሚመለስ አላሰብኩም። ሐጂ ሰዓታቸውን አዩ። የቀኑ ጫት ሊገባ ነው፤ በዚህ ከተማ ጫት ሲገባ ዳኛም ችሎት አይቀመጥም።

«የመመለሻውንም ስለ ነቢ» አሉ ፈጠን ብለው።

እኔ እኮ ክርስቲያን ነኝ ልል ነበር። ግን ዱቄት በዱቤ የምወስደው ከማን ሱቅ ነው? ማርኩ። ልጁ ትከሻዬን ሳመ፣ ሽማግሎቹ መረቁን፣ ወረፋው በሙሉ አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ፤ ያውም ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ።

ሰፈር ስገባ አልማዝ ምን ሰጡሽ ብላ ጠየቀችኝ። ምርቃት አልኳት። እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች።

ጋሽ በላይነህ ግን አሳዘንኳቸው መሰለኝ፣ ጭነት ይዘው ሲወጡ ጋቢና አሳፍረው አዲስ አበባ ወሰዱኝ። የአርሂባን ጉድ ከበር እስከ በር ስተርክላቸው መንገዱ አለቀ፤ ወሬው አላለቀም። ቤቲ በሩን ከፈተችና ቆመች። አላቀፈችኝም። ሰው ሁሉ እናትሽ የታለች ሲለኝ ምን ልመልስ ኖሯል አለች። በረራው እኮ ነው ልል አፌን ስከፍት፣ ጋሽ በላይነህ በዓይናቸው ዘጉኝ። አጥፍታለች ልጄ፣ አሏት። እኔም ጎንበስ አልኩና ወደ ጉልበቷ እጄን ሰደድኩ፤ ሽንት ጨርቅ የቀየርኩላት ልጅ።

አጥፍቻለሁ አልኩ።

ቤቲ ደንግጣ አነሳችኝ። ግማሹን ስለ እግዚአብሔር ማሪያት አሏት፤ ማረች። ግማሹን ስለ ሽበቴ አሏት፤ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። የሰርጉን ቪዲዮ ከፈተችልኝ፤ ምሳም አበላችን።

ስለዚህ እህቶቼ፣ ስትበደሉ እንደ ምንም ብላችሁ ኮምፒውተሩ ላይ ጻፉ። ሽማግሌውን እናንተ ለበደላችሁበት ቀን አስቀምጡት።