ንጉሥ ሲሳይ እና አርባ ኩንታል ሲሚንቶ

የትንሿ መንደር አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ታሪኳ ይጻፍ ተብሎ ሰባት አባላት ያሉት የተከበረ ኮሚቴ የተቋቋመው ታሪኳ ጠፍቶ አይደለም። ኧረ እንዲያውም ታሪኳ ጓሮው ውስጥ ቁጭ ብሎ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። የሠራት ግንበኛ በሕይወት አለ።

ግንበኛው ሰባ ዓመት የደፈነ፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ነው። ከዚህ ዓለም የቀረው ምኞት አንድ ብቻ ነው፤ ስሙ በመጽሐፏ ላይ እንዲሰፍርለት።

ኮሚቴው ግን ከጥናት በፊት ማንንም አያምንም። በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ «ሲ. 40» የሚል ጽሑፍ አግኝቶ «ንጉሥ ሲሳይ በነገሠ በአርባ ዓመቱ አሠራት» ሲል ወሰነ። ዕድሜዋም በአምስት ድጋፍ፣ በሁለት ተቃውሞ ስድስት መቶ ዓመት ሆኖ ጸደቀ።

«ኧረ በፈጠራችሁ!» አለ ግንበኛው። «ሲሚንቶ አርባ ኩንታል ማለት እኮ ነው! እንዳልረሳው ብዬ በሚስማር የጫርኩት እኔ ነኝ!»

ሰብሳቢው አዘነለት። «ጋሼ፣ እርስዎ የዓይን ምስክር ነዎት። የዓይን ምስክር ደግሞ ወገንተኛ ይሆናል።»

«አንተስ ብትሆን ድንጋይ ስታቀብለኝ አልነበር እንዴ?»

«እኔ እንኳ በግሌ አስታውሳለሁ» አለ ሰብሳቢው ኮቱን እያስተካከለ፤ «እንደ ኮሚቴ ግን አላስታውስም።»

ያም ሆኖ ጨካኞች አልነበሩም። ሽማግሌው ቅር እንዳይለው ብለው ሁሉንም ወገን የሚያስማማ ውሳኔ አሳለፉ። መጽሐፉ እዚያው ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ በተመረቀ ዕለት ግንበኛው ቸኩሎ ገለጠው። ስሙ ከነአያቱ ሰፍሯል! ከሥሩም እንዲህ ይላል፦ «በንጉሥ ሲሳይ ዘመን ይህችን ቤት ያነጹ። ነፍሳቸውን ይማር።»

ከፋው። መጽሐፉን በብብቱ ይዞ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ሰብሳቢው ንግግሩን ቀጠለ። «ስድስት መቶ ክረምት አንዲት ጠብታ ያላስገባች...» ከማለቱ ዶፍ ወረደ፤ ጣሪያውም በቀጥታ አናቱ ላይ ያፈስ ጀመር።

«የአሸንዳው መውረጃ ተደፍኗል!» ጮኸ ሰብሳቢው፣ ከነወረቀቱ በስብሶ። «ቱቦው ግድግዳ ውስጥ ነው የተቀበረው! በየት በኩል ነው? ጋሼ ያውቃሉ! ጋሼ!»

ሕዝቡ ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ። ግንበኛው ጃንጥላውን ቀስ ብሎ ዘረጋና መጽሐፉን ከፍቶ ገጹን አሳያቸው።

«እኔ እንኳ በግሌ አውቃለሁ» አለ። «እንደ ሟች ግን አላውቅም።»